ሙሉቀን ያልተጫወተው ጨዋታ

ሞላሌ ላይ የስፖርት መምህር ነኝ። ዛሬ መምህር ብቻ ነኝ፤ ይህ ነገር በደረሰ ጊዜ ግን የእግር ኳስ ዳኛም ነበርኩ። ሴት ልጅ ፊሽካ ነፍታ ሃያ ሁለት ወንድ ቀጥ ስታደርግ ማየት የሚያናድደው ሰው ሞልቷል፤ እኔ ደግሞ መናደዳቸው ደስ ይለኝ ነበር። መሠረት እባላለሁ። እልኸኛ ናት፣ አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ አልዋሹም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ያደረግኩትን ስታነቡ «ምስኪን፣ ዓይን አፋር ሆና ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ባለቤቴ ጌታቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ያኔ ራቤል ተመድቦ ይሠራ ነበር። ከራቤል ተነስቶ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ መኪና ለውጦ፣ ሞላሌ እስኪደርስ ቀኑ ያልቃል። መንገድ ሲዘጋማ ወር ሙሉ ሳንተያይ የምንቀርበት ጊዜ ነበር። ዝውውር ከጠየቅን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። ማመልከቻውን ስንት ጊዜ እንደጻፍነው እግዜር ይወቀው፤ መልሱ ሁልጊዜ «ክፍት ቦታ ሲገኝ» ነው። ልጃችን ሶስና ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷን ከምታየው ይልቅ ድምፁን የምትሰማው ስለሚበዛ «አባ ስልክ» ነበር የምትለው። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ኃይሉ ደወሉልኝ። አቶ ኃይሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በሊጉ ጨዋታዎች ላይ ኮሚሽነር ሆነው ይሠራሉ፤ ማለትም ጨዋታውን ታዝበው ለፌዴሬሽኑ ሪፖርት የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ በእኛው ደጋ ካሉት ከተሞች በአንዷ ትልቅ ጨዋታ አለ። የተመደበው አራተኛ ዳኛ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል፤ ቅርብ ያለሽው አንቺ ነሽና ድረሽልኝ አሉኝ። የከተማዋንም የክለቡንም ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቃል። ተጫዋቾቹ በደመወዝ የሚያድሩ፣ ደመወዙም ከመንግሥት በጀት የሚወጣ ክለብ ነው። ስለዚህ ክለቡ ሲያሸንፍ ሹመኛው ያሸነፈ፣ ሲሸነፍም ሹመኛው የተሸነፈ ያህል ነው የሚቆጠረው። የእሁዱን ጨዋታ ካሸነፉ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋሉ። ሶስናን ለእህቴ ሰጥቼ፣ ጥቁሩን ማሊያዬን ተኩሼ ሄድኩ።

የአራተኛ ዳኛ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ጨዋታው ሳይጀመር ነው። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ቴሴራ አመሳክራለሁ። ቴሴራ የተጫዋቹ መታወቂያ ነው፤ ፎቶው፣ ስሙ፣ ማኅተሙ ያለበት። እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ እሱ የአባቱን ስም ይመልሳል፣ ፊቱን ከፎቶው ጋር አስተያያለሁ፣ ያልፋል። እንግዶቹን ጨርሼ ወደ ባለሜዳዎቹ መጣሁ። ስምንት ሰው አለፈ። ዘጠነኛውን ቴሴራ አነሳሁና «ሙሉቀን» ብዬ ጠራሁ።

«ተክሌ» አለ አንድ ረጅም ልጅ። የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶታል። ኮፍያህን አውልቅና ቀና በል አልኩት።

«እሺ ቲቸር» አለኝ።

ዳኛን ሰው «አርቢትር» ይላል፣ «እህቴ» ይላል፣ ሲናደድ ሌላም ሌላም ይላል። «ቲቸር» የሚለኝ ያስተማርኩት ልጅ ብቻ ነው። ሙሉቀን ተክሌ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የመርሐቤቴ ልጅ ነው፤ እኔ መርሐቤቴ አስተምሬ አላውቅም። ልጁ ኮፍያውን አወለቀና ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፣ ልክ ሰልፍ ላይ እንደማቆማቸው። አንተነህ ነበር። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ የትምህርት ቤታችን ቡድን አጥቂ ነበር። ካደገ በኋላ አንድ የመስመር ዳኛ በቡጢ መትቶ ለአንድ ዓመት ታግዷል፤ የእገዳው ደብዳቤ በዳኞች ስብሰባ ላይ ሲነበብ አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እገዳው ገና አላለቀም። ቴሴራው ላይ ያለው ፎቶ ግን የራሱ ነው፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

ቀስ ብዬ «አንተነህ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ የታኬታውን ክር ማጥበቅ ጀመረ። ቡድን መሪው ከኋላው ብቅ ብሎ፣ ሙሉቀን ነው እሱ፣ የክብር እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ቶሎ ጨርሺልን አለኝ። ሄጄ ለመሐል ዳኛው ነገርኩት። ማኅተም አለው፣ ፎቶው የራሱ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ የጠረጠርሽውን ጻፊው አለኝ። አቶ ኃይሉም «ጻፊው ልጄ፤ የሚፈርደው ወረቀቱ ነው» አሉኝ። ጨዋታው ተጀመረ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ እየመጣ ግቡን ሸፍኖት ይሄዳል። አንተነህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚገርመኝ ግን አንድም ሰው በስሙ አልጠራውም። ሕዝቡ በሙሉ «ሙሌ! ሙሌ!» እያለ ነው የሚጮኸው። ማን እንዳስጠናቸው አላውቅም። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ነጋዴው፣ ሁሉም ተስማምቶ አንድን ሰው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ እዚያ መስመር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አገባት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውስጤ ደስ አለው። ያስተማርኩት ልጅ ነዋ! ወዲያው ደግሞ ራሴን ታዘብኩት።

አንድ ለዜሮ አለቀ። ሰው ሜዳውን ሞላው፣ ጭፈራው ቀለጠ። የእንግዶቹ አምበል በሰው መሐል ተጋፍቶ ወደ እኔ መጣና፣ እህቴ አንቺ አይተሻል፣ በር ላይ ፊትሽን እያየሁት ነበር አለኝ። ክስ አስመዝግብ፣ እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ በሙሉቀን ተክሌ ቴሴራ የተጫወተው አንተነህ መሆኑን፣ ከየት እንደማውቀው፣ ምን ብሎ እንደጠራኝ። አቶ ኃይሉ አነበቡትና በደንብ ጽፈሻል ብለው ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡት። ዋናውን ሪፖርት ጠዋት እልካለሁ አሉ።

ከሜዳው ስወጣ ሱፍ የለበሰ ሰው ጠበቀኝና «ክቡርነታቸው ይፈልጉሻል» አለኝ። ክቡርነታቸው ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም። የክለቡ የበላይ ጠባቂ ናቸው፤ ቀን የክብር ቦታ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። ከስብሰባ አዳራሹ ጎን ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ ተነስተው ተቀበሉኝ፤ ሻይ አስመጡልኝ። መቼም እንዲህ ያከበረኝ ባለሥልጣን የለም። ይህ ሕዝብ እንዲህ ሲስቅ መቼ አይተሽዋል ብለው ጠየቁኝ። እውነታቸውን ነበር። ስንት ቀብር አለፈ፣ ስንት ጊዜ ሱቅ ተዘጋ፤ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«ታዲያ ይህን ደስታ በአንድ ወረቀት ልትነጥቂው ነው?» አሉኝ።

«እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ክቡር።»

«ምን አየሽ? ፎቶው የራሱ፣ ማኅተሙ የፌዴሬሽኑ። አንድ ልጅ ቲቸር አለሽ። መምህር አይደለሽ እንዴ? አገሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚልሽ።»

ሻዩን ማስቀመጫ ጠፋኝ። ከቡድን መሪው አፍ እያንዳንዷ ቃል ደርሳቸዋለች ማለት ነው። ከዚያ ወሬውን ድንገት ለውጠው ስለ ጌታቸው ያነሱ ጀመር። ባለቤትሽ ራቤል ናቸው አሉ፣ ሕፃን ልጅ ይዛችሁ አራት ዓመት ተለያይታችሁ መኖራችሁ ግፍ ነው፣ እስካሁን እንዴት ሳይነገረኝ ቀረ ብለው ከልባቸው ያዘኑ መሰሉ። ሞላሌ ላይ ለእንስሳት ጤና ክፍት ቦታ አለ አሉ። አራት ዓመት የጠፋው ክፍት ቦታ እዚያች ቢሮ ውስጥ ተገኘ። እስከ ጠዋት አስቢበት አሉኝ። ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ «ራቤልም ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ የሚርቅ ብዙ ቦታ አለን» አሉኝ።

ያረፍኩበት ሆቴል ገብቼ ለጌታቸው ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት።

«መሲ፣ ብትጽፊውም አልቀየምሽም፣ ባትጽፊውም አልቀየምሽም» አለኝ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። አንዴ እንኳ አድርጊ ወይም አታድርጊ ቢለኝ ምን ነበረበት? በወንድ ልጅ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ያኔ አልገባኝም እንጂ፣ እሱም ልጁን ፈልጓል፣ እፈልጋለሁ ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ደግሞ አፍሯል።

ጠዋት ቁርስ ሳዝዝ አንተነህ መጣ። ቁጭ በል ስለው እምቢ አለኝ፤ አሁንም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ለካ የክለቡ ሰዎች፣ አልጫወትም ካልክ ውልህን እንቀድዳለን ብለውት ነው። «ቲቸር፣ የሰው አባት ስም ስመልስ አባቴን የካድኩት መሰለኝ» አለኝ። አባቱ ከሞቱ ገና ብዙ ጊዜ አልሆነም ነበር። ጻፊብኝም አትጻፊብኝም አላለኝም። ከተጻፈብኝ ጫማ መስቀሌ ነው ብሎ ብቻ ወጣ። እኔም ለእሱ አዘንኩለት፤ ለሕዝቡ ደስታ አዘንኩ፤ ለሶስና አዘንኩ። ያን ሁሉ ሰው በየተራ ሳስብ አንድ ነገር ሳላስብ ቀረሁ። ሙሉቀን ማነው ብዬ አልጠየቅኩም። ስሙን ሃያ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ፤ የሆነ ቦታ ስሙን ለብሶ የሚሄድ ሰው አለ ብዬ ግን አንዴም አላሰብኩም።

አቶ ኃይሉ አዲስ ቅጽ ይዘው መጡ። ዓይኔን ማየት አልቻሉም። እርስዎ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ «እኔ ጡረተኛ ነኝ ልጄ» አሉኝ። እስክርቢቶውን አነሳሁና ጻፍኩ፦ «የሁሉም ተጫዋቾች ቴሴራ ከፊታቸው ጋር ተመሳክሯል፤ ልዩነት አልታየም።» ፈረምኩ። የትናንቱን ገጽ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለልጄ ብዬ ነው እላለሁ፤ ግን ፈርቼም ነበር። እኔ አፌ የማያርፈው፣ ወንድ ቀጥ አደርጋለሁ የምለው ሴትዮ፣ በር ላይ በተባለች አንዲት ቃል ፈርቻለሁ።

የእንግዶቹ ክስ በማስረጃ እጦት ወደቀ። የጌታቸው የዝውውር ደብዳቤ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ደስታችንን አልደብቅም። ሶስና መጀመሪያ ሰሞን ስልኳን ይዛ ፊቱ ትቆምና፣ ይሄ ሰውዬ ከዚህ ውስጥ ወጣ ወይ በሚል ዓይን ታየው ነበር። በኋላ ከትከሻው አልወርድ አለች። ያ ጊዜ ከኖርኩት ሁሉ የጣፈጠኝ ነው፤ እንዲህ ማለት ያሳፍረኛል ግን እውነት ነው።

ከዚያ በአራተኛው ወር፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ልጆች እያሯሯጥኩ ሳለ፣ ዘበኛው እንግዳ አለሽ አለኝ። አንድ ወጣት አጥሩ ጋ ቆሟል። የስፖርት ጃኬት ነው የለበሰው፤ ለሞላሌ ብርድ የማይሆን ስስ ነገር፤ ይንቀጠቀጣል። ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል።

«ሙሉቀን ተክሌ እባላለሁ» አለኝ።

አጥሩን ያዝኩ። ከመርሐቤቴ ሁለት ቀን ተጉዞ ነው የመጣው። ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ የሁለት ዓመት እገዳ ነው። በዚያው ክለብ ውስጥ እንደነበረ፣ ጉልበቱ ሲጎዳ እንዳሰናበቱት፣ ቴሴራውን ግን አንመልስም ብለው እንዳስቀሩበት ነገረኝ። ቤቱ ተኝቶ ታክሞ ሲድን ደብረ ብርሃን ሄዶ ለሌላ ክለብ ፈረመ። ፌዴሬሽኑ ደግሞ፣ ተሰናበትኩ ካልክ በኋላ ለቀድሞ ክለብህ ተጫውተህ ጎል አግብተሃል፣ በሁለት ክለብ ፈርመሃል ብሎ ቀጣው። እኔ አይደለሁም ቢል የእኔን ሪፖርት አውጥተው አሳዩት።

«እርስዎ ነዎት የፈረሙት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«የተጫወተውን ሰው አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ ነበርኩ?»

«አልነበርክም።»

ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ታዲያ ለምን ብሎ ጠየቀኝ። የምዋሸው ነገር ስላጣሁ፣ ባሌን ከራቤል ላመጣ ብዬ ነው አልኩት።

«መጡ?»

«መጣ።»

«እንኳን መጡ» አለኝ።

በሹፈት አልነበረም። አገር ቤት እንዳደገ ልጅ፣ ሰው መጣልኝ ሲባል የሚባለውን ነው ያለው። እዚያው ተማሪዎቼ ፊት አለቀስኩ።

ማታ ለጌታቸው ነገርኩት። በዚህኛው ጊዜ አላቅማማም፤ ጻፊ አለኝ። ምን እንደሚከተል ታውቃለህ ወይ ስለው፣ አውቃለሁ፣ ጻፊ አለኝ። ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ያደረግኩትን ሁሉ በሦስት ገጽ ጽፌ ፈርሜ ላክሁ። ኮሚቴው ፊት ቀርቤም ተናገርኩ። አቶ ኃይሉ ተጠርተው ሌላ ገጽ ስለመኖሩ አላስታውስም አሉ። አንተነህ አልቀረበም። የሙሉቀን የመጀመሪያ መመዝገቢያ ቅጽ፣ የራሱ ፎቶ ያለበት፣ ተፈልጎ አልተገኘም ተባለ።

ውሳኔው ሁለት ደብዳቤ ነበር። አንደኛው ለእኔ፦ «ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረብዎን ራስዎ ስላመኑ» ከዳኝነት ለዘለቄታው ተሰናብተዋል ይላል። ሁለተኛው ለሙሉቀን፦ በጨዋታው ላይ የቀረበው ሪፖርት ሐሰተኛ ስለመሆኑ «በቂ ማስረጃ ስላልቀረበ» እገዳው ጸንቷል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ማኅተም ነው የወጡት። የእኔ ቃል ለእኔ መቅጫ ሲሆን እውነት ሆነ፣ ለእሱ ማዳኛ ሲሆን ግን አልበቃም። ጎን ለጎን ይዤ አነበብኳቸው፤ ሳላስበው ሳቄ መጣ፤ ጌታቸው ሳቄን ሲሰማ ፈርቶ ከጓዳ ሮጦ መጣ።

እሱም ሞላሌ ብዙ አልቆየም፤ «ለሥራው ጥቅም ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ራቤልን የናፈቅንበት ጊዜ አለ ብል ታምኑኛላችሁ? አሁን ያለበት ቦታ ኔትወርክ የሚገኘው ተራራ ተወጥቶ ነው። ክለቡ ላይኛው ሊግ ውስጥ አለ። ክቡርነታቸውም በቦታቸው አሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ቀን በአንድ ወረቀት ፊት ትቀመጡ ይሆናል። የኳስ ላይሆን ይችላል፤ የመሬት፣ የፈተና ውጤት፣ የሆስፒታል ሊሆን ይችላል። የሚለምናችሁ ሰው ፊት ለፊታችሁ አለ፣ ትራሩለታላችሁ። የምትወዱት ሰው ቤት አለ፣ ታስቡለታላችሁ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ ግን ጠይቁ። እኔ ያልጠየቅኩት እሱን ብቻ ነው። ስለ ፍርሃት አልመክራችሁም፤ እኔ ራሴ ፈርቻለሁ።

በዚህ ጽሑፍ የሰዉን ሁሉ ስም ቀይሬያለሁ። የእሱን ብቻ አልቀየርኩም፤ ደውዬ ስጠይቀው፣ ይጻፍ ብሎኛል። ስለዚህ ማኅተም ባይኖረውም ሪፖርቴን እዚህ አቀርባለሁ። በዚያ እሁድ፣ በዚያ ሜዳ ላይ፣ ሙሉቀን ተክሌ አልነበረም። ቤቱ ጉልበቱ ታስሮ ተኝቶ ነበር።